የጀርመን ስሞች ላይ ያሉት ሁለት ነጥቦች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ሰዎች ለሰዎች»ን በ1981 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ካርልሃይንዝ በም በአገራችን የተወደዱ ሰው ነበሩ። ስማቸውን ግን አንዳንዱ «ቦም»፣ አንዳንዱ «ቦህም» ይለዋል። ለለፋልን ሰው ስሙን አስተካክሎ መጥራት ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከእሳቸው ልጀምር።

ነጥቦቹን እንደ ጌጥ ማየት። ጀርመኖች ኡምላውት የሚሏቸው እነዚህ ነጥቦች ድምፁን ይቀይሩታል። በበም ስም ውስጥ ያለውን ነጥብ ያለበት «ኦ» ለመጥራት ከንፈርን «ኦ» እንደሚል ሰው አሞጥሙጦ «ኤ» ማለት ነው። ነጥብ ያለበት «ኡ» ደግሞ ከንፈርን ለ«ኡ» አሞጥሙጦ «ኢ» ማለት ነው። «ሙለር» የምንለው ስም እንዲህ ነው የሚጠራው። ነጥብ ያለበት «ኣ» ቀላል ነው፤ ወደ «ኤ» ይጠጋል።

«ህ»ን መጥራት። በም በላቲን ሲጻፍ መሃሉ ላይ «ህ» አለ። አይነበብም፤ ሥራው ከእሱ በፊት ያለውን አናባቢ ማስረዘም ብቻ ነው። «ቦህም» ስንል ሁለት ስህተት በአንዴ እንሠራለን።

ነጥቡን ጥሎ መጻፍ። ብዙ ጣጣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኪቦርዳችሁ ነጥቡ ከሌለው ከፊደሉ ቀጥሎ «ኢ» የምንለውን አምስተኛውን የላቲን ፊደል ጨምሩ። የጀርመን ፓስፖርትም ይህንኑ ያደርጋል። ስሙ ከላይ በነጥብ ይጻፋል፣ ታች ማሽን በሚያነባቸው መስመሮች ላይ ግን ነጥቡ ቀርቶ ያ ፊደል ይገባል። ብዙ ሰው የጸሐፊ ስህተት ይመስለዋል፤ አይደለም። ጀርመናዊ አግብታችሁ ስሙን የወሰዳችሁ፣ የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡ የታችኛውን አጻጻፍ ተከተሉ። ነጥቡን ብቻ አንስታችሁ ከተዋችሁት በፓስፖርቱ ላይ ከሁለቱም ጋር የማይገጥም ሦስተኛ ስም ፈጠራችሁ ማለት ነው።

ሁሉንም ወደ ነጥብ መመለስ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው የጎተ ኢንስቲትዩት የተሰየመበት ስም ሲነበብ ባለነጥቡን ድምፅ ይዟል፤ ሲጻፍ ግን በሁለት ፊደል ነው። ነጥብ አታድርጉበት። በረኛው ማኑኤል ኖየር ደግሞ ስሙ ውስጥ «ኡ» እና አምስተኛው ፊደል ተከታትለው ቢመጡም ኡምላውት የለበትም። «ኖየር» ነው፤ በቃ።

በአንድ አጻጻፍ ብቻ መፈለግ። የድሮ መዝገብ ወይም ኢንተርኔት ላይ ሰው ስትፈልጉ በነጥብ፣ በሁለት ፊደል፣ ያለ ነጥብም ሞክሩ። መዝገቡን ያዘጋጀው ሰው የትኛውን እንደተጠቀመ አይታወቅም።