ለጂ+2 ቤት ዋይፋይ ሲዘረጋ

የኮንክሪት ሶሌታ ሲግናል ይበላል። ምድር ቤት ያለ አንድ ራውተር ሁለተኛ ፎቅ ድረስ በቅጡ ይደርሳል ብለው አይጠብቁ። በየፎቁ ኮሪደር ጣሪያ ላይ አንድ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ይስቀሉና ከራውተሩ ጋር በካት 6 የኔትወርክ ኬብል ያገናኙት፤ የአንዱ ኬብል ርዝመት ከ100 ሜትር አይለፍ። ባለ አንድ ባንድ ሪፒተር (ሲግናሉን በአየር ተቀብሎ መልሶ የሚልክ፣ በአንድ የሞገድ ክልል ብቻ የሚሠራ መሣሪያ) ርካሽ ነው፣ ግን በዚያው ቻናል ስለሚቀበልም ስለሚልክም ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል።

በ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ ለሦስቱ አክሰስ ፖይንቶች ቻናል 1፣ 6 እና 11 ይስጧቸው፤ ስፋቱ 20 ሜጋኸርዝ ይሁን። ስማቸውና የይለፍ ቃላቸው አንድ ይሁን። የማስተላለፊያ ኃይላቸውንም ዝቅ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ስልኩ ፎቅ ወጥቶም የምድር ቤቱን ሲግናል ሙጭጭ ይላል።

አሮጌ ራውተር በአክሰስ ፖይንትነት የሚጠቀም ሰው ዲኤችሲፒውን (ለስልክና ለኮምፒውተር የአይፒ አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት) ያጥፋ፣ የአሮጌውን ራውተር የአይፒ አድራሻ ከዋናው ይለይ፣ ኬብሉንም ላን (LAN) የሚል ቀዳዳ ላይ ይሰካ። ዲኤችሲፒው ካልጠፋ ዋይፋዩ ይያያዛል፣ ኢንተርኔቱ ግን አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል።