የአምናውን ሞዴል ግዙት እንጂ ሊዝ አታድርጉት

አሜሪካ ውስጥ የመኪና ዓመት የሚለወጠው በእኛ እንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ከነሐሴ ጀምሮ የሚቀጥለው ዓመት ሞዴል በትሬለር እየተጫነ ዲለሮች (መኪና ሻጭ ድርጅቶች) ግቢ ይገባል። ያልተሸጠው የዚህ ዓመት ሞዴል ደግሞ እዚያው ቆሟል። አንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ የተለያየ ዓመት ተጽፎበት ጎን ለጎን ታዩታላችሁ። የእኔም ስልክ ፋታ የሚያጣው ያኔ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ዲለር የፋይናንስ ክፍል ስለሠራሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ መኪና ሊገዛ ያሰበ ዘመድም የዘመድ ዘመድም ይደውላል። "ሊዝ ይሻለኛል ወይስ ልግዛ? አዲሱን ወይስ የአምናውን?" (ሊዝ ማለት መኪናውን ለተወሰነ ዓመት በወርሃዊ ክፍያ ተከራይቶ መመለስ ነው። የሚሰናበተውን ሞዴል ለአጠራር እንዲመች የአምናው እንበለው። ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ሰው እነዚህን እንደ ሁለት ጥያቄ ያያቸዋል፣ ግን የተያያዙ ናቸው። የአምናውን ከወደዳችሁት ግዙት፣ ያዙትም። ሊዝ ከፈለጋችሁ ደግሞ አዲሱን ውሰዱ። ገንዘብ የሚባክነው "ቅናሽ አለው" ተብሎ የአምናው ሊዝ ሲደረግ ነው። ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው።

ሊዝ ስታደርጉ የምትከፍሉት መኪናው በእናንተ እጅ እያለ የሚያጣውን ዋጋና የገንዘቡን ወለድ ነው። ሒሳቡን ለመሥራት የሚያስፈልጓችሁ ቁጥሮች ጥቂት ናቸው፦ የተስማማችሁበት ዋጋ፣ በውሉ ማብቂያ መኪናው ያወጣል ተብሎ የተገመተው ዋጋ ማለትም ሬዚጁዋል፣ የወራቱ ብዛት፣ እና መኒ ፋክተር የሚሉት የወለድ ቁጥር። መኒ ፋክተሩን በ2,400 ብታባዙት የለመዳችሁት የዓመት ወለድ ይወጣል። 0.0025 ማለት 6 በመቶ ነው።

ሬዚጁዋልን የሚወስነው የሊዙ ባንክ ስለሆነ ከሻጩ ጋር ብትከራከሩበት ዋጋ የለውም። የሚሰላውም መስኮቱ ላይ ከተለጠፈው ስቲከር ዋጋ እንጂ እናንተ ካስቀነሳችሁት ዋጋ አይደለም። አዲሱ ሞዴል ሲገባ ባንኩ የአምናውን ሬዚጁዋል ዝቅ ያደርገዋል፣ ምክንያቱም ከሦስት ዓመት በኋላ በገበያ ላይ በአንድ ዓመት ያረጀ ተብሎ ነው የሚሸጠው።

የአዲሱ ስቲከር 34,000 ዶላር ይሁን፣ ተከራክራችሁ 33,000 አደረሳችሁት እንበል። ከ36 ወር በኋላ ሬዚጁዋሉ 60 በመቶ፣ ማለትም 20,400 ነው። በመካከል ያለው 12,600 ለ36 ሲካፈል በወር 350 ይመጣል። ለወለዱ 33,000 እና 20,400ን ደምሩና በ0.0025 አባዙት፤ 133.50 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ታክስ ሳይገባ በወር 483.50 ትከፍላላችሁ።

የአምናው ስቲከር 33,500 ሆኖ ሻጩ ደስ እያለው 30,500 ሰጣችሁ እንበል። ሬዚጁዋሉ ግን 55 በመቶ ነው፤ 18,425። በዚያው ስሌት የወሩ ክፍያ ወደ 458 ይመጣል። መኪናው በ2,500 ዶላር ረክሶ ሳለ እናንተ ያተረፋችሁት በወር 26 ዶላር ብቻ ነው፤ በሦስት ዓመት 930 ገደማ። ቀሪውን ቅናሽ የሬዚጁዋሉ መውረድ በላው። መጨረሻ ላይ ቁልፉን ስትመልሱም በአንድ ዓመት ያረጀ መኪና ስትነዱ ኖራችኋል ማለት ነው።

አንዳንዴ ፋብሪካው ራሱ ግቢውን ለማጽዳት ሲል የአምናውን ሊዝ ይደጉማል፤ መኒ ፋክተሩን ያወርዳል ወይም ለሊዝ ብቻ የሚሆን ቅናሽ ይጨምራል። ያኔ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። ማስታወቂያውን ትታችሁ ይህንኑ ሒሳብ በስልካችሁ ሥሩት።

ስትገዙት ግን የ2,500ው ቅናሽ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው፣ አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። በሁለት በሦስት ዓመት ከሸጣችሁት ያገኛችሁትን ቅናሽ መልሳችሁ ታስረክባላችሁ፣ ገዢው የሚያየው ዓመቱን ነውና። ስምንት ዘጠኝ ዓመት ከያዛችሁት ዓመቱን ብዙም የሚጠይቅ የለም፣ የሚጠየቀው ማይሉና ይዞታው ነው። ስለዚህ ለደዋዩ ሁሉ መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ "ያሁኑን መኪናህን ስንት ዓመት ነዳኸው?" የሚል ነው። ሰው ስለወደፊቱ ሲጠየቅ "አሥር ዓመት እይዘዋለሁ" ይላል፣ ያለፈው ግን አይዋሽም።

ለአምናው ብዙ ጊዜ ሁለት ስጦታ ይቀርባል፦ ዝቅተኛ ወለድ ወይም የጥሬ ገንዘብ ቅናሽ። አንዱን ትመርጣላችሁ እንጂ ሁለቱንም አይሰጧችሁም። 30,000 ዶላር በ1.9 በመቶ ለ60 ወር ብትወስዱ በወር 524 ትከፍላላችሁ። 2,500 ዶላሩን ቀንሳችሁ 27,500ውን ከክሬዲት ዩኒየን (የቁጠባና ብድር ማኅበር) በ6.5 በመቶ ብትበደሩ ደግሞ 538። እዚህ ላይ ወለዱ አሸነፈ፤ በድምሩ ከ800 ዶላር በላይ። ብድሩ ትንሽ ከሆነ ወይም ቶሎ ከፍላችሁ የምትጨርሱት ከሆነ ግን ጥሬ ገንዘቡ ሊያሸንፍ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አዲሱ ሞዴል በምን እንደተለየ እወቁ። የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ ከሆነ የአምናውን ለመግዛት ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። መኪናው ከሥሩ ከተቀየረ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቶዮታ ካምሪን ተመልከቱ፤ ከ2025 ጀምሮ ሃይብሪድ ብቻ ሆነ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ በ2024 ቀረ። ራቭ ፎርም በ2026 የቤንዚን ብቻውን ሞተር ተወ። ብዙ ለሚነዳ ሰው ሃይብሪዱ በነዳጅ የሚቆጥበው የአምናውን ቅናሽ ሊያስንቅ ይችላል። በሌላ በኩል ከሥሩ የተቀየረን ሞዴል በመጀመሪያ ዓመቱ መግዛት እኔ አልወድም። ጉድለቱ ወጥቶ እስኪስተካከል ሌላ ሰው ይሞክርልኝ። ሊዝ ለሚያደርግ ግን ይህ ብዙ አያስጨንቅም፤ መኪናው የሚቆየው በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ነው።

ግቢ ስትገቡ የሾፌሩን በር ክፈቱ። በሩ በሚገጥምበት ምሰሶ ላይ ወይም በበሩ ጠርዝ ላይ መኪናው የተሠራበት ወርና ዓመት የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። ከተሠራ ዓመት ካለፈው ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ መሣሪያ አገኛችሁ፣ ምክንያቱም ዲለሩ መኪናውን ያመጣው በብድር ስለሆነ ግቢ በቆመ ቁጥር ወለድ ይቆጥርበታል። ባትሪውንና ጎማውንም አስፈትሹ። ከቪን (የመኪናው መለያ) ቁጥሩ አሥረኛው ፊደል የሞዴሉን ዓመት ይነግራችኋል፤ ኤስ 2025 ነው፣ ቲ 2026። ኦዶሜትሩ ላይ ሁለት ሦስት ሺህ ማይል ካያችሁ መኪናው ለደንበኛ መሞከሪያ ወይም በውሰት መስጫ ሆኖ ሠርቷል። "አዲስ ነው" ቢሏችሁም ዋስትናው መቆጠር የጀመረው ያኔ ሥራ ላይ ሲውል ነው። ቀኑን ጠይቁ።

ኡበርና ሊፍት ለምትሠሩ ሊዝ አይሆንም። ብዙ የሊዝ ውሎች ተሳፋሪ ማመላለስን ይከለክላሉ። ባይከለክሉም እንኳ የተለመደው ገደብ በዓመት 12,000 ማይል ነው። በዓመት 40,000 ብትነዱና ከገደቡ ያለፈው በማይል 25 ሳንቲም ቢታሰብ የአንድ ዓመቱ ብቻ 7,000 ዶላር ነው። በዲቪ ገና ለመጣችሁ፣ የክሬዲት ታሪክ ለሌላችሁም፣ የሊዝ ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ ከብድር የበለጠ የክሬዲት ስኮር (የተበዳሪነት ነጥብ) ይፈልጋሉ። "ነድቼ ነድቼ አገር ቤት እልከዋለሁ" የምትሉ ደግሞ ኢትዮጵያ በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ማስገባት እንደከለከለች አስታውሱ።

አንድ ትልቅ ሰው ቢሮዬ መጥተው "እህቴ፣ እቁብ ደርሶኝ ነው። ስድስት ሺህ አለኝ፣ ሁሉንም ዳውን (ቅድሚያ ክፍያ) ላድርገው?" አሉኝ። "ጋሼ፣ ለግዢ ከሆነ ያድርጉት። ለሊዝ ከሆነ ግን ኪስዎ ይቆይ" አልኳቸው። በሊዝ ላይ ያለ መኪና በሁለተኛው ወር ተገጭቶ ከጥቅም ውጭ ቢሆን ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ለሊዙ ባንክ ነው። ጋፕ የሚባለው ሽፋንም ቀሪውን ዕዳ ይዘጋል እንጂ ያስቀደማችሁትን ገንዘብ አይመልስም። ወርሃዊው ከበዛባችሁ መኪናውን ቀይሩ፣ ዳውን አትጨምሩ።

ታክስ ላይ ብዙ ሰው ሊዝ የሚያስመልጥ ይመስለዋል። ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ፣ ሜሪላንድ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ፣ ሊዝም ቢሆን የሚያስከፍሉት በሙሉው ዋጋ ላይ ነው። የቨርጂኒያ ዓመታዊ የመኪና ታክስም በሊዙ ባንክ በኩል ዞሮ እናንተው ጋ ይመጣል። በግዢ በኩል አዲስ ነገር አለ፦ ከ2025 እስከ 2028 አሜሪካ ውስጥ ለተገጣጠመ አዲስ መኪና የሚከፈል የብድር ወለድ፣ በዓመት እስከ 10,000 ዶላር ድረስ፣ ከሚታክሰው ገቢ ይቀነሳል። ቪኑ በ1፣ በ4፣ በ5 ወይም በ7 ከጀመረ አሜሪካ የተገጣጠመ ነው። ሊዝ ግን አይገባበትም። ገቢያችሁ ለብቻ ከ100,000፣ ለባልና ሚስት ከ200,000 ካለፈ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ለኤሌክትሪክ መኪና ይሰጥ የነበረው የ7,500 ዶላር ድጎማ መስከረም 30፣ 2025 ቆሟል። አሁንም እሱን እየጠቀሰ ሊዝ የሚሸጥላችሁን አትስሙት።

ሻጩ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ "በወር ስንት ይመችሃል?" ይላል። ቁጥር አትስጡት። 450 ካላችሁት ወሩን አስረዝሞ ወይም ዳውኑን ከፍ አድርጎ 450 ያመጣላችኋል። መጀመሪያ በመኪናው ዋጋ ተስማሙ፣ ሊዝ ወይስ ግዢ የሚለው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ትሬድ ኢን (ለዲለሩ የምትሰጡት አሮጌ መኪና) ካላችሁ ደግሞ ለብቻው ይታይ።

የሊዝ ውል ላይ የተስማማችሁበት ዋጋ፣ ሬዚጁዋሉና ወለዱ በዶላር እንዲጻፉ ሕግ ያስገድዳል። መኒ ፋክተሩን መጻፍ ግን ግዴታ አይደለም፤ ባንኩ ከሰጠው ላይ የሚጨመርበትም ለዚህ ነው። ራሳችሁ ታወጡታላችሁ። በምሳሌያችን አዲሱ መኪና ላይ ጠቅላላው ወለድ 4,806 ዶላር ተብሎ ይጻፋል። እሱን ለ36፣ ከዚያ የዋጋውና የሬዚጁዋሉ ድምር ለሆነው 53,400 አካፍሉት። 0.0025 ካልመጣ እስክሪብቶውን አስቀምጡና ምን እንደተጨመረ ጠይቁ። "በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል" የሚለው ወሬ ዲለር ቤት ተቀምጣችሁ ለፈረማችሁት መኪና አይሠራም፤ መጠየቂያው ጊዜ ከፊርማው በፊት ነው።