የዋዝ የፊት ጎማ አልጎትት ሲል

ሩሲያ ሠራሿ ጂፕ ዋዝ ጭቃ ላይ ቆማ የኋላ ጎማዎቿ ብቻ ይሽከረከራሉ። የፊቱ ማርሽ ገብቷል፤ የፊት ጎማዎች ግን ንቅንቅ የለም። መካኒኮቹ ወዲያው «ትራንስፈር ኬዙ ይውረድ» አሉ፤ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ሳጥን ማለታቸው ነው። ለእነሱ ምን ቸገራቸው፣ ከፋዩ እኔ ነኝ!

ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። የፊት ካርዳኑ፣ ጉልበቱን ወደ ፊት ጎማዎች የሚወስደው ዘንግ፣ ይዞራል። እንግዲህ ጉልበቱ ከካምቢዮ ወጥቶ፣ ትራንስፈር ኬዙን አልፎ ወደ ፊት እየሄደ ነው። የሚጠፋው ከዚያ ወዲያ ነው።

በዋዝ-469 የፊት ጎማዎች መሃል ክዳን አለ። ሥሩ ያለው ብሎን ሲጠብቅ አክሰሉ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ከጎማው ጋር ይያያዛል፣ ሲላላ ይለያያል። የግራው ጠብቋል። የቀኙ ግን ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ዙሪያውን ያለችው ምልክት ከፍላንጁ (ጎማው መሃል ካለው ክብ ብረት) ፊት ጋር እኩል ሆናለች፤ ተለያይቷል ማለት ነው። ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የፊት ዲፈረንሻል መቆለፊያ የለውም፤ ጉልበቱ ወደ ቀለለው ጎን ያመልጣል። ስለዚህ የቀኙ አክሰል በባዶ ይዞራል፣ ጤነኛው የግራ ጎማም አብሮ ይቆማል።

ብሎኑ ዝጎ ነበር። ናፍጣ ጠጥቶ አደረ፤ ጠዋት እስከ መጨረሻው አጠበቅኩት፣ ግራሶ ቀብቼ ክዳኑን መለስኩ። ወጣች።

አስፋልት ስትገቡ ግን የፊቱን ማርሽ አውጡ። በፊትና በኋላ መካከል ዲፈረንሻል ስለሌላት ኩርባ ላይ ጎማ ትበላለች።