የአየር ጠመንጃ ጥይት፦ የቱ ጣሳ እንደሚሻል እንዴት ይታወቃል?

ስለ አየር ጠመንጃ ጥይት ክርክር ሲነሳ አንዱ ከኪሱ የተተኮሰበት የዒላማ ወረቀት ያወጣል። «እየው፣ አምስቱም በአንድ ቀዳዳ!» ወረቀቱ አይዋሽም። ያላየነው ከእሱ በፊት ተቀዶ የተጣለውን ነው። ጥሩ ጥይት አንድ ቀን ተአምር አሳይቶ የሚጠፋው አይደለም። ጠባዩ የማይለዋወጠው ነው። እሱን ለመለየት ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

መጀመሪያ ቦታ። ርቀቱ 10 ሜትር ይሁን። የኦሊምፒክ የአየር ጠመንጃ ውድድርም የሚካሄደው በዚሁ ርቀት ነው፤ የ10 ነጥቧ ክብ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ 10 ሜትር ቅርብ ነው ብላችሁ አትናቁት። ጥይቷ ራሷ ከእርሳስ ብረት የተሠራች፣ ግማሽ ግራም አካባቢ ናት። ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ እንደፈለገ ይገፋታል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ሳይሆን ረጅም ኮሪደር ወይም ባዶ መጋዘን ፈልጉ። ከዒላማው ኋላ አሸዋ የሞላ ሳጥን አድርጉ፤ እርሳስ ከድንጋይና ከብረት ላይ ነጥሮ ይመለሳል። የዓይን መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው። የጠመንጃው የፈቃድ ወረቀት የተሟላ ይሁን፣ ለጎረቤትም ለቀበሌም አስቀድማችሁ ንገሩ። በዚህ ከተማ «ጧ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሰው ምን እንደሚያስብ መቼም አይጠፋችሁም።

ከዚያ ጥይቶቹ። ለጀማሪ ሦስት ዓይነት ይበቃል፤ ሁሉም 4.5 ሚሊ ሜትር፣ ሁሉም ጠፍጣፋ አፍንጫ። ጠፍጣፋው ወረቀቱን ቁልጭ አድርጎ ስለሚበሳ ለመለካት ይመቻል። ጥይቱ የሚሸጥበትን ጣሳ አገላብጡት። ብዙዎቹ ላይ የጭንቅላቱ ስፋት 4.49፣ 4.50 ወይም 4.51 ተብሎ ተጽፏል። ይቺ የመቶኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት አንዱ ጠመንጃ የወደደውን ሌላው እንዲጠላው ታደርጋለች። የምርት ቁጥሩንም፣ ማለትም ጥይቱ በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚለየውን ቁጥር፣ ጻፉ። ስሙ አንድ ሆኖ የምርት ቁጥሩ የተለያየ ጣሳ፣ ለእኔ ሌላ ጥይት ነው።

አሁን እያንዳንዱን ፍሬ እያነሳችሁ ከኋላ በኩል እዩት። ቀሚስ መስሎ የሚሰፋው ጠርዝ በጣም ስስ ነው፤ በመንገድ ተንገላትቶ ሲመጣ ይጣመማል። ብርሃን ላይ ብታዞሩት ክቡ እንቁላል የመሰለውን ወዲያው ታውቁታላችሁ። እሱን ለዩት። ፒያሳ ወርቅ ቤት ጎራ ብሎ በስሱ ሚዛን ማስመዘንም ይቻላል፤ ወርቅ ሠሪው ትንሽ ይስቅባችኋል እንጂ አይከለክላችሁም። በእኔ ግምት ግን ከመመዘኑ ይልቅ ጠርዙን ማየቱ ይበልጣል።

ሦስቱን ዓይነት በሦስት የቡና ስኒ ገልብጡ። ስማቸውን ከስኒው ሥር ለጥፉና ጓደኛችሁ ቦታቸውን ያቀያይር። ተኳሹ የቱ የቱ እንደሆነ አይወቅ። ይሄ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ውድ የተባለውን ጥይት ስንተኩስ ትንፋሻችንን ይበልጥ እንይዛለን፤ ሰው ነን።

ጠመንጃውን ጤፍ በሞላ ትንሽ ከረጢት ላይ አስደግፉ። በስፕሪንግ የሚሠራ ከሆነ አጥብቃችሁ አትያዙት፣ አፈሙዙንም ጠንካራ ነገር ላይ አታስደግፉት። ሲተኩስ ስለሚዘል አያያዛችሁ በተለወጠ ቁጥር ጥይቱም አቅጣጫ ይለውጣል። የጥይት ዓይነት ስትቀይሩ የመጀመሪያዎቹን አስር ፍሬዎች አሸዋው ላይ ጨርሱ፤ አፈሙዙ ከአዲሱ እርሳስ ጋር እስኪላመድ ነው። ከዚያ በአንድ ወረቀት ላይ አስር ተኩስ። ለእያንዳንዱ ዓይነት አምስት ወረቀት። ግን አምስቱን ተከታትላችሁ አትጨርሱ፤ እያፈራረቃችሁ ተኩሱ። አለበለዚያ መጨረሻ የመጣው ጥይት የእናንተን ድካም ይሸከማል።

አንድ ሕግ አለ፤ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ወረቀቱን ሳታዩ «ሳትኩ» በሉ፤ ያ ተኩስ ይሰረዛል፣ ይደገማል። ካያችሁ በኋላ ግን ሰበብ የለም። ራቅ ብላ የወጣችዋ ቀዳዳ የጥይቱ ጠባይ ናትና ትቆጠራለች።

ሲለካ ከቶርኖ ቤት ካሊፐር ተዋሱ። በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ለኩና 4.5 ቀንሱ። ለምሳሌ «ሀ» የተባለው 9፣ 10፣ 9፣ 11፣ 10 ሚሊ ሜትር አመጣ እንበል። «ለ» ደግሞ 6፣ 15፣ 8፣ 17፣ 7። ከኪስ የሚወጣው ወረቀት የ«ለ» 6 ናት። አማካዩ ግን ለ«ሀ» 9.8፣ ለ«ለ» 10.6 ነው። አማካዩ ቅርብ ለቅርብ ስለሆነ በእሱ ብቻ አልፈርድም። ዋናው መዋዠቁ ነው፤ የ«ሀ» ከ9 እስከ 11፣ የ«ለ» ከ6 እስከ 17። እኔ ያለማመንታት «ሀ»ን እገዛለሁ። የአምስት ተኩስ ወረቀትን ከአስር ተኩስ ወረቀት ጋር አታወዳድሩ፤ ተኩሱ በበዛ ቁጥር ቀዳዳዎቹ የሚሸፍኑት ቦታ መስፋቱ አይቀርም። ቀዳዳዎቹ ከመሃል ወደ ግራ ወይም ወደ ታች ቢሰበሰቡም አትደንግጡ። እሱ የማነጣጠሪያው ጉዳይ ነው፣ በኋላ ይስተካከላል።

ሙከራውን ከፍላችሁ ግማሹን ደሴ፣ ግማሹን ኮምቦልቻ አታድርጉት። የሐረጎን ተራራ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ገደማ ወርዳችኋል፤ ሙቀቱም ሌላ ነው። ስፕሪንግ ጠመንጃ የሚሠራው ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ጨምቆ ነው። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የሚጨመቀውም ያንሳል፣ ፍጥነቱም ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ተኳሽ።

አሸናፊው ሲለይ አቅም የፈቀደውን ያህል ጣሳ በዚያው የምርት ቁጥር ግዙ። ጣሳውን አታንገላቱት። እርሳስ መርዝ ስለሆነ ቡናው ከመቅረቡ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጥይት የነበረባቸው ስኒዎችም ለቡና አይመለሱ።