አዲስ መኪና ገዝታችሁ ኢንሹራንስ ልትገቡ ነው? ይሄን እዩ

መጀመሪያ ነገር ሻጩ "ኢንሹራንስ አላት" ቢላችሁ አትመኑ፣ ውሉ በሱ ስም ስለሆነ ስም ካልዞረ ችግር ሲመጣ ላይሰራላችሁ ይችላል።

ሶስተኛ ወገን የሚባለው ኢንሹራንስ እናንተ ሌላ ሰው ወይ ንብረቱ ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት ነው የሚከፍለው፣ የራሳችሁን መኪና አይጠግንም። ሙሉ ኢንሹራንስ የሚባለው ግን የራሳችሁ መኪና ላይ የሚደርሰውን ግጭቱንም ስርቆቱንም እሳቱንም ይይዛል። መኪናዋ ውድ ከሆነች ሙሉውን ግቡ፣ በብድር ከገዛችኋት ደግሞ ባንኩ ራሱ ብዙ ጊዜ ያስገድዳችኋል።

ሰው በጣም የሚሸወደው ዋጋዋ ላይ ነው! አረቦን (ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ክፍያ) ይቀንስልኝ ብላችሁ አሳንሳችሁ እንዳታስመዘግቡ፣ በግማሽ ዋጋ ካስገባችኋት ብዙ ውሎች ላይ የጥገናውንም ግማሽ ብቻ ነው የሚሰጧችሁ፣ ከፍ አድርጋችሁ ብታስገቡም ከገበያ ዋጋዋ በላይ አይከፍሏችሁም ስለዚህ በከንቱ አረቦን መጨመር ነው።

ኤክሰስ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፣ አደጋ በደረሰ ቁጥር ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ማለት ነው። እሱ ከፍ ሲል አረቦኑ ይወርዳል፣ ግን ድንገት አውጥታችሁ መክፈል የማትችሉት ከሆነ ምን ይሰራል?

ስለ አጠቃቀማችሁም አትዋሹ፣ የቤት መኪና ብላችሁ ታክሲ ከሰራችሁባት ክሌሙን (የካሳ ጥያቄያችሁን) ውድቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። "አይሸፍንም" የሚለውን ገጽ ሳታነቡ አትፈርሙ (አሰልቺ ነው አውቃለሁ)፣ ለመለዋወጫ የእርጅና ተቀናሽ (የተበላሸው ዕቃ አሮጌ ነው ብለው ከአዲሱ ዋጋ የሚቀንሱት) አለ ወይ፣ ጋራዡን የሚመርጠው ማነው፣ ጎርፍስ ይካተታል ወይ ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሁፍ ተቀበሉ፣ የኢንሹራንስ ሻጩ ወሬ ክሌም ላይ አይሰራም።