የኮምፓይለርን ስህተት በፓች ማረም፦ የኤቪአር ጂሲሲ ምሳሌ

ኤቪአር ጂሲሲ አርዱዊኖን በመሳሰሉ ሰሌዳዎች ላይ ለሚገኙት የኤቪአር ቺፖች የተጻፈን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጥ ኮምፓይለር ነው፤ ፓች ደግሞ በሶርስ ኮድ ላይ የሚደረግን ለውጥ የያዘ ፋይል ነው። በአርዱዊኖ ሜጋ 2560 ላይ የተጫነ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም ዋናው ሥራ ከሚጀምርበት «ሜይን» ፋንክሽን ጋ ሳይደርስ ከቆመ ወይም ደጋግሞ እንደ አዲስ ከተነሳ፣ ጥፋቱን መጀመሪያ በራስ ኮድ ውስጥ መፈለግ ይገባል። በኢንተራፕት (ፕሮግራሙን አቋርጦ በሚገባ ኮድ) የሚለወጥ ሆኖ «ቮላታይል» ያልተባለ ቫሪያብል ወይም ከ8 ኪሎባይቱ ራም ያለፈ ስታክ (የፋንክሽኖች ጊዜያዊ ማከማቻ) ብዙ ጊዜ ኮምፓይለሩን በሐሰት ያስወነጅላል። ኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ ኮዱን የሚያሻሽልበት ሥራ) ሲጠፋ ፕሮግራሙ መሥራቱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው በ«ኦብጅዳምፕ» መሣሪያ ከማሽን ቋንቋ የተገለበጠው አሴምብሊ (ሰው ሊያነበው የሚችለው የፕሮሰሰሩ ትእዛዝ) ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በጂሲሲ የስህተት መዝገብ ቁጥር 45263 የተሰጠው ጉድለት ነው። ከ64 ኪሎባይት በላይ ፍላሽ (የፕሮግራም ማከማቻ) ባላቸው ቺፖች፣ ከ«ሜይን» በፊት የግሎባል ኦብጀክቶችን ኮንስትራክተሮች (ማዘጋጃ ፋንክሽኖች) በየተራ የሚጠራው ኮድ የኮንስትራክተሮቹ ዝርዝር ያለበትን የፍላሽ አድራሻ ከፍተኛ ባይት አር20 በተባለው ሬጅስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ማከማቻ) ይዞ ይቆይ ነበር። በኤቪአር ጂሲሲ ስምምነት መሠረት ግን ከአር18 እስከ አር27 እንዲሁም አር30 እና አር31 የተጠራው ፋንክሽን መልሶ ሳያስተካክል ሊለውጣቸው የሚችል ሬጅስተሮች ናቸው። አንዱ ኮንስትራክተር አር20ን ከነካ፣ ቀጣዩ አድራሻ ከተሳሳተ የፍላሽ ክፍል ይነበባል፤ ፕሮሰሰሩም ወዳልታሰበ ቦታ ይዘላል። ካልነካው ደግሞ ሁሉም ነገር በትክክል ይሠራል፤ ስለዚህ አንድ መስመር ሲጨመር የሚታየው፣ ሲቀነስ የሚጠፋው ችግር የፕሮግራመሩ ጥፋት መስሎ ይታያል። ማረሚያው ባይቱን በጥሪ መካከል ተጠብቆ በሚቆየው በአር16 መያዝ ነው።

አዲስ የኮምፓይለር እትም መጫን የሚቻል ከሆነ ያንን ይምረጡ፤ ይህ ጉድለት ከታረመ ቆይቷል። ፓች የሚያስፈልገው አሮጌውን እትም መተው በማይቻልበት ጊዜ ነው፤ ለምሳሌ የኮዱ መጠንና የጊዜ አጠባበቁ በአንድ እትም ተፈትኖ የጸደቀ ምርት ሲኖር።

ወደ ሥራው ሲገቡ የሚጠቀሙበትን እትም ትክክለኛ ቁጥር ይለዩና የዚያኑ ሶርስ ያውርዱ። በቺፕ አምራቹ ወይም በሌላ አከፋፋይ የተዘጋጀ ኮምፓይለር የራሱ ተጨማሪ ፓቾች ሊኖሩት ስለሚችል፣ ከጂሲሲ የሚወርደው ንጹህ ሶርስ ቁጥሩ ቢመሳሰልም አንድ ላይሆን ይችላል። ፓቹን ደግሞ እንደ ፋይል ያውርዱት እንጂ ከገጽ ላይ አይቅዱት፤ ታብ ወደ ክፍት ቦታ ከተለወጠ ፓቹ አልገጥም ይላል።

ከዚያ ፋይል ሳይነካ የሚሞክረውን «ድራይ ረን» አማራጭ ጨምረው የ«ፓች» ትእዛዝን በሶርሱ ዋና ፎልደር ውስጥ ያስኪዱ፤ ውጤቱ ደህና ከሆነ ያለዚህ አማራጭ ይድገሙት። የፋይሎቹ አድራሻ ከፊት «ኤ» እና «ቢ» ካለው የ«ፒ» ደረጃው (ከአድራሻው ፊት የሚቆረጠው የፎልደር ብዛት) 1 ነው፤ ጂሲሲ እስከ 2020 መጀመሪያ ድረስ በሰብቨርዥን (በቀድሞው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ) ይያዝ ስለነበር፣ የዚያ ዘመን ፓቾች ብዙውን ጊዜ 0 ይፈልጋሉ። «ኦፍሴት» የሚል መልእክት የመስመር ቁጥር መንሸራተት ብቻ ነው፤ «ፈዝ» ካለ ግን ዙሪያው ያለው ኮድ ስለተለወጠ ቦታውን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። የ«ቼንጅሎግ» (የለውጦች ዝርዝር) ፋይል ክፍል ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ይወድቃል፤ አያስጨንቅም። ፓቹ ፋይሉን ጨርሶ ካላገኘው ፋይሉ በእትሞች መካከል ቦታ ቀይሮ ሊሆን ይችላል፦ በምሳሌያችን የሚነካው አሴምብሊ እስከ 4.6 በጂሲሲ ፎልደር ሥር በኤቪአር ክፍል ውስጥ ነበር፤ በ4.7 ወደ ሊብጂሲሲ (የኮምፓይለሩ ረዳት ላይብረሪ) ፎልደር ተዛውሮ ስሙም ተለውጧል። እንዲህ ሲሆን ጥቂት መስመሮችን በእጅ ማስገባት ከፓቹ ጋር ከመታገል ይቀላል።

ቀጥሎ የሚመጣውና ብዙዎች የሚዘነጉት ጥያቄ ምን እንደገና መገንባት እንዳለበት ነው። ፓቹ እንደዚህኛው በሊብጂሲሲ ብቻ ከሆነ ያንን ላይብረሪ መገንባት ይበቃል። ፓቹ የሚነካው ኮድ የሚያመነጨውን የኮምፓይለሩን ክፍል ከሆነ ግን፣ ሊብጂሲሲም ሆነ ኤቪአር ሊብሲ (የኤቪአር መደበኛ የሲ ላይብረሪ) በተሳሳተው ኮምፓይለር የተሠሩ ስለሆኑ ሁለቱም አብረው መታደስ አለባቸው፤ አለዚያ ስህተቱ ከኮምፓይለሩ ወጥቶ በላይብረሪው ውስጥ ይቀራል።

ግንባታውን ከሶርሱ ውጭ በሆነ ባዶ ፎልደር ያካሂዱ። መጀመሪያ ቢንዩቲልስ (አሴምብለሩንና ሊንከሩን የያዘው ጥቅል)፣ ቀጥሎ ጂሲሲ፣ በመጨረሻ ኤቪአር ሊብሲ ይገነባሉ፤ ለሦስቱም መድረሻው ከነባሩ የተለየ አንድ ፎልደር ይሁን። ለጂሲሲ ታርጌቱን ኤቪአር፣ ቋንቋዎቹን ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ ብቻ አድርገው «ኤንኤልኤስ» (የመልእክቶች ትርጉም) እና «ሊብኤስኤስፒ» (የስታክ መከላከያ ላይብረሪ) የተባሉትን ያጥፉ። ጂኤምፒ፣ ኤምፒኤፍአር እና ከ4.5 ጀምሮ ኤምፒሲ የተባሉት የሒሳብ ላይብረሪዎች ያስፈልጋሉ። አሮጌ እትም በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲገነባ የሰነዶቹ ዝግጅት ቴክስኢንፎ በተባለው የሰነድ ማዘጋጃ አዲስ እትም ምክንያት ሊሰናከል ስለሚችል፣ ሰነዶቹን መዝለል ይሻላል።

ሲያልቅ «ፕሪንት ሊብጂሲሲ ፋይል ኔም» የሚለውን አማራጭ ከቺፑ ስም ጋር ይስጡና የሚመልሰው አድራሻ አዲሱ ፎልደር መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለ2560 «ኤቪአር6» የተባለውን ንዑስ ፎልደር ማሳየት አለበት። ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል አድርገው ይገልብጡትና ኮንስትራክተሮቹን በሚጠራው ዑደት ውስጥ ወደ «ራምፕዜድ» (የፍላሽ አድራሻውን ከፍተኛ ባይት የሚቀበለው) የሚጻፈው ሬጅስተር የትኛው እንደሆነ ይመልከቱ። አር16 ከሆነ ፓቹ ገብቷል፤ አሁንም አር20 ከሆነ ሊንከሩ (ኮዱንና ላይብረሪዎቹን የሚያያይዘው) አሮጌውን ላይብረሪ እየወሰደ ነው።

የፓቹን ፋይል ከነመዝገብ ቁጥሩ ከፕሮጀክቱ ኮድ ጋር ያስቀምጡ። ኮምፓይለሩንም ሲያዋቅሩ «ዊዝ ፒኬጂ ቨርዥን» በሚለው አማራጭ የራስዎን መለያ ከሰጡት፣ እትሙ ሲጠየቅ ፓች ያለበት መሆኑን ራሱ ያሳያል።