ከቀበሌ ምክር ቤት ወደ ፓርላማ፦ ለአንዲት የድሬዳዋ ተመራጭ

የቀበሌ ምክር ቤት አባል ሆነሽ ስትሠሪ ቆይተሽ አሁን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለመወዳደር ካሰብሽ፣ ይህን የጻፍኩት ለአንቺ ነው። ለወንዶቹም ያገለግላል። እኔ በሚያዝያ 2005 የአካባቢ ምርጫ ለተቋቋመው የቀበሌያችን ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ስይዝ የነበርኩ ሴት ነኝ። ማን ምን ቃል እንደገባ፣ ከገባውም የቱ እንደተፈጸመ በእጄ ጽፌዋለሁ። አንደበተ ርቱዕ አባላት ሲረሱ፣ ጉዳይ ይዘው እስከ መጨረሻው የተከታተሉት ደግሞ በየሰፈሩ ስማቸው ሲነሳ አይቻለሁ።

ስለዚህ ከመዝገብ ጀምሪ። ነጋዴ ሒሳቡን የሚጽፍበት ጠንካራ ልባስ ያለው ትልቅ ደብተር ግዢ። አቤት ባይ በመጣ ቁጥር ቀኑን፣ ሰፈሩንና ጉዳዩን ጻፊ፤ ከጎኑ ደግሞ «የማን ሥልጣን ነው?» የሚል ዐምድ ክፈቺ። የቦኖ ውኃ በሰዓቱ አይከፈትም የሚለው እዚያው ቀበሌ ያልቃል። የይዞታ ካርታ ጥያቄ የአስተዳደሩ ነው። ዕቃው ኬላ ላይ የተያዘበት ነጋዴና ጡረታው የተጓተተበት የባቡር ሠራተኛ ግን ጉዳያቸው አዲስ አበባ ነው ያለው። በዚህ ዐምድ «ፌዴራል» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚደጋገም ስታዪ ትደነግጫለሽ። ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተሯን ካገኘች ወዲህ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። በመሃል የሚቆም ክልል ስለሌላት ፓርላማው ለእኛ ከሌላው ይልቅ ቅርብ ነው፤ ቅስቀሳሽም ከዚህ ዐምድ ይቀዳል።

ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ቀበሌ የለመደ ሰው ፓርላማ ሲወዳደርም «ኮብልስቶን አስነጥፋለሁ፣ መብራት አስገባለሁ» ይላል። የፓርላማ አባል ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል፤ ኮብልስቶን አያስነጥፍም። መራጩ ይህን ልዩነት ቢነገረው ይረዳል፣ ያከብርሻልም።

ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ነገር ውሰጂ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል፤ ያንን ሌሊት ያየ ሰው ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ዛሬም አይተኛም። በቀበሌ ምክር ቤት የሚነሳው «ግንቡ ተሰንጥቋል፣ ቆሻሻ ወንዙ ውስጥ ይጣላል» የሚለው ነው፤ ትክክል ነው፣ መነሳትም አለበት። ነገር ግን ያን ጎርፍ ያመጣው ዝናብ የዘነበው እኛ ላይ ብቻ አልነበረም። ውኃው የሚወርደው ከሐረርጌ ደጋ ነው፤ ተራራው የሚገኘው በኦሮሚያ ክልል፣ የሚጠፋው ሰው የሚገኘው ግን በድሬዳዋ ነው። ደጋው በዛፍ ካልተሸፈነና ላይ የዘነበው ዝናብ ታች ላለው ሰው በጊዜ ካልተነገረ፣ የእኛ ግንብ ብቻውን አያድነንም። ሁለት አስተዳደሮችን የሚያገናኝ ጥያቄ መድረኩ ፌዴራል ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ፓርላማው በጀቱን የሚያጸድቀው ከዚያ በፊት ነው፤ ለቅድመ ማስጠንቀቂያና ለተፋሰስ ሥራ ምን ተመደበ ብሎ መጠየቂያው ያኔ ነው። ዋናው ኦዲተር ሪፖርቱን ለዚሁ ምክር ቤት ያቀርባል፤ የተመደበው የት እንደገባ መጠየቂያው ደግሞ ያ ነው። አንድን የሰፈር ጉዳይ እንዲህ ጫፍ እስከ ጫፍ ማስረዳት ከቻልሽ ለዕጩነት ደርሰሻል።

አሁን ወደ ወንበሩ። ፓርላማው ካሉት 547 መቀመጫዎች የድሬዳዋ ድርሻ ሁለት ነው። ለረጅም ጊዜ በ9 የከተማና በ38 የገጠር ቀበሌዎች ስትዋቀር ለኖረች ከተማ ይህ ጠባብ በር ነው፤ የሰፈርሽ ሰው ድምፅ ብቻ አያሳልፍሽም። ከተማው ውስጥ ከዚራና ሳቢያን ሰፈር ብቻ ተመላልሰሽ ድሬዳዋን አውቃለሁ አትበዪ። ገጠሩም፣ ብዮ አዋሌ፣ ዋሂል፣ ጀልዴሳና አሰሊሶ፣ ምርጫ ሳይደርስ ሂጂ፤ ገበሬውና ከብት አርቢው ምን እንደሚያስጨንቀው ቤቱ ተቀምጠሽ ስሚ። በአስተርጓሚ የሚነገር ሐዘን ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ኦሮምኛና ሶማልኛ ካልቻልሽ ዛሬውኑ መማር ጀምሪ። ቀፊራ ገበያ ጠዋት ወተትና ማገዶ ይዘው ከሚመጡት እናቶች የተሻለ መምህር አታገኚም። ስብሰባም ከምሳ በኋላ አትጥሪ። ሙቀቱ አለ፣ በርጫውም (ጫት የሚቃምበት ሰዓት) አለ፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነፍስ ሰው ራሱ ወንበሩን ይዞ ይመጣል።

ዕድሜሽ 21 መሙላት አለበት። ዳኛ፣ ወታደር ወይም ፖሊስ ከሆንሽ ሥራሽን ሳትለቂ መወዳደር አትችዪም። የቀረውን ከምርጫ ቦርድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ውሰጂ፤ በቃል የሰማሽውን አትመኚ።

በፓርቲ ወይስ በግል? ሁለቱም መንገድ ሕጋዊ ነው። የግል ተወዳዳሪ የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብን፣ ገንዘብንና በየምርጫ ጣቢያው ድምፅ አሰጣጡንና ቆጠራውን የሚከታተልላትን ወኪል ሁሉ ለብቻዋ ትሸከማለች፤ ሰኔ 14 ቀን 2013 በተሰጠው ድምፅ በግል ተወዳድረው ፓርላማ የገቡት አራት ናቸው። ፓርቲ ጉልበት ይሰጥሻል፣ ዕጩነትሽን የሚወስነው ግን እሱ ነው፤ ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት የድሬዳዋን ጉዳይ በአደባባይ እንድታነሺ ይፈቅድልሽ እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቂ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። ይህን ሐረግ በልብሽ ያዢው፤ ያው አንቀጽ መራጩ እምነት ሲያጣብሽ ሊያወርድሽ እንደሚችልም ይናገራል።

በአሸናፊነት የሚወጣው ከሁሉም ብዙ ድምፅ ያገኘ ነው፤ ከግማሽ በላይ አይጠየቅም። ከዚህ የተነሳ በጥቂት ድምፅ ወንበር ሊታጣ ስለሚችል ወኪሎችሽን ስትመርጪ አትቸኩዪ። ዘመድ ስለሆነ ብቻ ወኪል አታድርጊ፤ በጥሞና የሚጽፍና የማይሳደብ ሰው ፈልጊ። ድምፅ ሊሰጥ አራት ቀናት ሲቀሩት ቅስቀሳ ስለሚቆም፣ እነዚያን ቀናት ወኪሎችሽን ለማሠልጠን ተጠቀሚባቸው። ስንቅና ውኃ ይያዙ፤ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ሲታሸግ ይገኙ፤ ቆጠራው ሳያልቅ ማንም ጣቢያውን እንዳይለቅ። ቅሬታ ካለ እዚያው ለጣቢያው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ይቅረብ። ውጤቱ በጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ ቁጥር በቁጥር ገልብጠው ያምጡልሽ፤ በዚያ ትልቅ ደብተር ላይ የየጣቢያውን ደምረሽ ከምርጫ ክልሉ ድምር ጋር አስተያዪው።